የአሮጌ ቮልስ በር ቁልፍ ለምን ሁለት ቀን ይፈጃል?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ በዝቶብናል። «ቁልፍ ማስቀረጽ የደቂቃ ሥራ ነው፤ የኔ ቮልስ በር ለምን ሁለት ቀን ይቆያል?» ትሉናላችሁ። ቅር ብሎት የሄደም አለ። እውነታችሁን ነው፤ ቀድመን ልናስረዳችሁ ይገባን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ቮልሶች እጅ በእጅ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። አንዱ ባለቤት እጀታ ሲሰበርበት ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝቶ ይገጥማል። እጀታው ደግሞ የራሱን ቁልፍ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ለግራ በር አንድ፣ ለቀኝ በር ሌላ፣ ለሞተር ማስነሻ ሦስተኛ ቁልፍ ይሆናል። «በአንድ ቁልፍ አድርጉልኝ» ስትሉን እንግዲህ ቁልፍ መቅረጽ ብቻ አይደለም ሥራው። የበሩን ሆድ ዕቃ ለቁልፉ እንዲስማማ አድርገን እንደገና እንገጥመዋለን።

መጀመሪያ እጀታው መውለቅ አለበት። እንደ መኪናው ዘመን በበሩ ጠርዝ ያለ ብሎን ሲፈታ የሚወጣ አለ፤ የበሩን የውስጥ ልባስ ማውለቅ የሚጠይቅም አለ። 50 ዓመት ያልተነካ ብሎን ደግሞ በካቻቪቴ ጉልበት አይወጣም። ዘይት አጠጥተን እናሳድረዋለን። አንዱ ሌሊት የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፉ የሚሰካበት ክብ አካል፣ ይወጣል። ቁልፉ እንደተሰካ ነው የምናወጣው፤ ያለ ቁልፍ ከወጣ ውስጡ ያሉት ስስ የናስ ላሜራዎች ይበተናሉ። እያንዳንዷ ላሜራ ቁልፉ የሚያልፍባት መስኮት አላት፤ የመስኮቷ ከፍታ ግን ይለያያል። ከጎኗም ፀጉር የምታክል ሞላ ትገፋታለች። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም ከሲሊንደሩ ጋር እኩል ይሆኑና ይዞራል። አንዷ እንኳ ብቅ ካለች ቤቷ ውስጥ ትሰነቀርና አይዞርም። እኛ አንድ በአንድ አውጥተን ለመረጣችሁት ቁልፍ በሚስማማ ቅደም ተከተል እንመልሳቸዋለን። የጎደለ ካለ ከአሮጌ ሲሊንደር እንፈልጋለን። (ሞላዋ ተፈናጥራ ከጠፋች በማግኔት ትገኛለች። ናሷ ግን ማግኔት አይስባትም፤ ተንበርክኮ መፈለግ ብቻ ነው።)

አቋራጭ መንገድ አለ። ብቅ ያለውን ላሜራ በሞረድ ፈግፍጎ ማስተካከል። ቁልፉ ወዲያው ይዞራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እኛ ይህን አንሠራም። የተፈገፈገ ሲሊንደር ይላላል፤ ውሎ አድሮ የሌላ ሰው ቁልፍም ሊከፍተው ይችላል። ዘግታችሁት የሄዳችሁት በር ከዚያ ወዲያ የይስሙላ ነው።

ለቅርጽ የምታመጡልን ቁልፍ ያለቀ ከሆነም ንገሩን። ካለቀ ቁልፍ የተቀረጸ ቁልፍ እልቀቱንም ይወርሳል። በብዙ ኦሪጂናል እጀታዎች ላይ፣ በሩ ውስጥ በሚደበቀው በኩል፣ የቁልፉ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። ቁጥሩ ካለ በፋብሪካው ልክ አዲስ እንቀርጻለን። ስለዚህ የተሰበረ እጀታ ቢሆንም አትጣሉት፤ ይዛችሁ ኑ።

ስትመጡ ያሏችሁን ቁልፎች በሙሉና ሊብሬውን ያዙ። ሊብሬ ስንጠይቅ የሚቆጡ አሉ። አትቆጡን። ነገ ሌላ ሰው የናንተን መኪና ነድቶ ቢመጣስ?

መኪናችሁን ከወሰዳችሁ በኋላ በቁልፉ ቀዳዳ የሞተር ዘይት አታፍስሱ። ዘይቱ አቧራ ይዞ ጭቃ ይሆናል። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ይበቃዋል። ቁልፉ ከበዳችሁ ደግሞ በጉልበት አታዙሩት፤ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ለኛም ለእናንተም ሌላ ቀን ነው። ብቅ በሉ፣ ለማየት አናስከፍልም።

ከሰላምታ ጋር፣
ቁልፍ ቤታችሁ