ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦ የጋሼን ዕረፍትና የቤታችንን ቀጣይ ሥራ በተመለከተ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

የማሊያ ስፌትና ኅትመት ቤታችን መሥራችና ባለቤት የነበሩት፣ አብዛኞቻችሁ ስማቸውን ሳትጠሩ «ጋሼ» ብቻ የምትሏቸው አባታችን፣ ለዓመታት ሲያሠቃያቸው በቆየው የኩላሊት ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ለቅሶ በመድረስ፣ ስልክ በመደወልና ድንኳኑ ሥር አብራችሁን በማምሸት ላጽናናችሁን ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። አርባቸው ከወጣ በኋላ ሱቁን ከፍተን ሥራ ጀምረናል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ግን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ቤቱ እስከ ዛሬ ሲሠራ የኖረው በእርሳቸው ቃል ስለ ነበረ፣ ቃል የሰጧችሁ ሰው በሌሉበት ያ ቃል ምን ይሆናል ለሚለው የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ግልጽ መልስ መስጠት ስላለብን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመማቸው ጥቂት እንበል። በሳምንት ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ወደ ሱቁ ስትመጡ ጋሼን አታገኟቸውም ነበር። «መርካቶ ጨርቅ ሊያዩ ሄደዋል» የምንላችሁ እንዲያ በሉ ብለው ስላዘዙን ነበር፤ መታመማቸውን ያወቀ ደንበኛ ሥራው ቢዘገይበት እንኳ በይሉኝታ ዝም ይላል ብለው ይሰጉ ነበርና። በእነዚያ ቀናት የነበሩት ኩላሊት እጥበት ላይ ነው። እጥበቱ በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጎን መቀመጥን ይጠይቃል፤ ደሙ በቱቦ ወጥቶ በማጣሪያው ካለፈ በኋላ ተመልሶ ወደ ሰውነት ይገባል። ጤናማ ኩላሊት ሌት ተቀን የሚሠራውን ማሽኑ በጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚሠራው፣ በመካከል ባሉት ቀናት የሚጠጣው ውኃ ሳይቀር ተለክቶ ነው። ወጪው ከባድ በመሆኑ ሦስቱን ወደ ሁለት ዝቅ የሚያደርጉ ታካሚዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። ጋሼም ሥራ በቀዘቀዘባቸው ወራት እንዲሁ ያደርጉ እንደ ነበር ቤተሰቡ የሰማው ዘግይቶ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ግን በእነዚያ ወራትም አንድ ቀን አላለፈም።

ለእጥበቱ ሲባል ደም ቅዳውና ደም መልሱ በቀዶ ጥገና የተገናኙበት ግራ ክንዳቸው ከባድ ነገር እንዲያነሳ ስለማይፈቀድለት፣ የጨርቁን ጥቅል የሚያወርዱትና የሚዘረጉት ወጣት ሠራተኞቻችን ሆኑ፤ መቀሱን ግን እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ድረስ ለማንም አልሰጡም። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥ የሚሞከር ነገር ሆኗል፤ ኩላሊቱንም ሲሰጥ የቆየው በአብዛኛው የታማሚው የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ልጆቻቸው ለመስጠት ፈቃደኞች ነበሩ፤ ሆኖም የጋሼ ልብ ቀዶ ጥገናውን እንደማይችል ስለ ተነገራቸው ጉዳዩ በዚያው ቀረ።

የሕመሙ መነሻ የደም ግፊት ነበር። ግፊት ሳያሳምምና ሳያስታውቅ የኩላሊትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ለዓመታት ሲጎዳ ሊኖር ይችላል፤ ሰውየው የሚነቃው አብዛኛው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ከተረዱ ጀምሮ፣ ዕድሜው ጠና ያለ አሠልጣኝ ማሊያ ሊያዝ ሲመጣ የቡድኑን መጠን ከጻፉ በኋላ ቀጥሎ የሚያቀርቡለት ጥያቄ «ግፊትህን ተለክተሃል?» የሚል ሆነ። ማሊያ ሊያሠራ የመጣን ሰው ስለ ደም ሥሩ መጠየቅ ለንግድ ይበጃል አንልም፤ የተቀየሙም ነበሩ። ሄደው ተለክተው መድኃኒት የጀመሩ እንዳሉ ግን በለቅሶው ላይ ከራሳቸው አንደበት ሰምተናል።

ጋሼ ከመቀስና ከጨርቅ ቀጥሎ የሚወዱት፣ ምናልባትም ከሁለቱም አስበልጠው የሚወዱት ኳስን ነበር። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ደጋፊ ነበሩ፤ ትልቋ ልጃቸው ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና። በቤታቸው የደርቢ ቀን ምሳ የሚበላው በጸጥታ እንደ ነበር ባለቤታቸው ይናገራሉ፤ ነገር ግን ልጅቷ በልጅነቷ የለበሰችውን የመጀመሪያ ቡናማ ማሊያ በገዛ እጃቸው የሰፉላት እርሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢሰፋው ትከሻው ይጣመማል በሚል ምክንያት። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ጤናቸው እስከ ፈቀደላቸው ድረስ 10 ኪሎ ሜትሩን ከቤተሰባቸው ጋር ሲሄዱ ኖረዋል። «ሲሄዱ» ማለታችን ሆን ብለን ነው፤ ሩጫውን ለልጆቹ ትተውላቸው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የኳስ ወሬያቸው ግን ከአባታቸው የሰሙት ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ሲወስድ፣ የማሳረጊያዋን ጎል መንግሥቱ ወርቁ ሲያስቆጥር፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሲቀበል አባታቸው ስታዲየም ነበሩ። ጋሼ ጨዋታውን ያላዩት ቢሆንም፣ ሲያወሩት ሰሚው አብረው የነበሩ ይመስለው ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላሀዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠሩ ጎሎች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ፣ የዚያን ሰሞን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ማሊያ ለመስፋት ማሽኖቻችን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ማደራቸውን የምታስታውሱ ደንበኞች አላችሁ። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጨዋታ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ሆኖ 1 ለ 1 ሲጠናቀቅ ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ያስተዋሉት ጋሼ ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በእርሳስ አክብበው፣ የገባ የወጣውን ደንበኛ ሁሉ «ይቺን ቀን እያት» ይሉት ነበር።

የክረምት የሰፈር ውድድር ሲቃረብ ደግሞ ሱቁ የእርሳቸው ሳይሆን የልጆች ቤት ይመስል ነበር። ልጆችን በሜትር አይለኩም፤ በተርታ ያቆሟቸውና በዓይናቸው አይተው ይጽፋሉ። ልጅ በአንድ ክረምት ያድጋል ብለው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ያስበልጣሉ። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ 10 ቁጥርን የሚፈልጉ ልጆች ሦስት አራት መሆናቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው በቆብ ውስጥ ዕጣ ያስወጧቸዋል፤ ዕጣው ላልወጣለት ልጅ 7 ቁጥርን «ይሄ እኮ የሚሮጥ ሰው ቁጥር ነው» ብለው ይሰጡታል። ኩርፊያው ከመደብሩ በር አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ጋሼ ደረሰኝ ከመጻፍ ይልቅ እጅ መጨበጥን ይመርጡ ስለ ነበር፣ የብዙዎቻችሁ ትእዛዝ የሚገኘው በአንድ ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተር ውስጥ ነው። በደብተሩ ላይ ቡድኖቹ የተመዘገቡት እርሳቸው በሚያውቁት ስም ነው፦ «የድልድዩ ሥር ልጆች»፣ «ቀዩ በር»፣ «የዳቦ ቤቱ»። ከልጆቹ መጠን አንዳንዱ «ከበረኛው ጥቂት የሚያንስ» ተብሎ የተጻፈ ነው። ይህን አጻጻፍ ለመፍታት ከእኛ መካከል ለረጅም ጊዜ አብሯቸው የሠራው ዋና ሰፊያችን ብዙ ምሽቶችን አሳልፏል፤ አብዛኛውን ፈትቶታል፤ ያልተፈታው የእናንተን እገዛ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከጋሼ ጋር በቃል የተስማማችሁት ዋጋ፣ የሰጣችሁት ቅድመ ክፍያ፣ የገቡላችሁ የማስረከቢያ ቀንም ሆነ ቅናሽ በሙሉ እንደ ጸና ይቆያል። በደብተሩ ላይ ባይገኝም መጥታችሁ ንገሩን፤ ምስክር አንጠይቅም። ከጨርቅ ዋጋ መናር የተነሣ አንዳንዱ ስምምነት ዛሬ ቤቱን እንደሚያጎድል እናውቃለን፤ ቢሆንም ዋጋውን የቆረጡት እርሳቸው ናቸውና በዚያው እንሠራዋለን። የምንለምናችሁ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ እንድታሳውቁን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲስ መዝገብ እንከፍታለን።

የዱቤውን ጉዳይ በተመለከተ ለብቻው መናገር ይገባል። በደብተሩ ውስጥ በልጆች ቡድኖችና በጥቂት ትምህርት ቤቶች ገጽ ላይ «ተከፍሏል» የሚል ቃል በጋሼ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ስናመሳክረው ገንዘቡ እንዳልገባ አረጋግጠናል። ቀለሙ ተመሳሳይ መሆኑን፣ ጽሑፉም በሕመም ጊዜያቸው እንደ ነበረው የተንቀጠቀጠ መሆኑን ስናይ፣ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ባለው ሰሞን በአንድ ተቀምጠው የጻፉት እንደሆነ ገባን። ባለቤታቸውም ልጆቻቸውም በአንድ ቃል የተስማሙት የጻፉት እንዲከበር ነው። ስለዚህ እነዚህ ቡድኖች ምንም ዕዳ የለባቸውም። ከለቅሶው በኋላ ገንዘብ አዋጥተው ያመጡ ልጆች ነበሩ፤ ኳስ ግዙበት ብለን መልሰንላቸዋል፤ ሌሎችም እንዳትቸገሩ። የድርጅቶችና የመሥሪያ ቤቶች ቀሪ ሂሳብ ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም፤ እንደ ወትሮው በጊዜው እንድትከፍሉን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከእንግዲህ የሚለወጥ ነገርም አለ። ማንኛውም አዲስ ትእዛዝ በጽሑፍ ይመዘገባል፤ ግማሽ ቅድመ ክፍያ ይከፈልበታል፤ ደረሰኝ ይሰጥበታል። ጋሼ ቢኖሩ ይህን ወረቀት እንደማይወዱት እናውቃለን። እርሳቸው ግን የሦስት ዓመት ትእዛዝ በጭንቅላታቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ፤ እኛ እንደዚያ አይደለንም። የልጆች ቡድን በዱቤ የማሠራት ልማድ አይቀርም፤ ነገር ግን አንድ ወላጅ ወይም መምህር መጥቶ ይፈርማል። የመቁረጡንና የጥራት ቁጥጥሩን ሥራ ዋና ሰፊያችን፣ አጠቃላይ አስተዳደሩን ደግሞ ትልቋ ልጃቸው ይዘዋል። ባለቤታቸው እንደ ቀድሞው ሒሳብ ላይ ይገኛሉ።

በአሠራሩ በኩል የለወጥነው የለም። ሙሉ ቀለም ያለው የሰብሊሜሽን ኅትመት (ቀለሙ በሙቀት ወደ ጨርቁ የሚሰርግበት) የሚይዘው ፖሊስተር ጨርቅ ላይ፣ ያውም ነጭ ወይም ፈዛዛ ሲሆን ስለሆነ፣ የጥጥ ቲሸርት ለምታመጡ በስክሪን ኅትመት እንሠራለን። በሙቀት የተለጠፈ ቁጥር ያለበትን ማሊያ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፤ ቁጥሩ ላይ ካውያ አታሳርፉ። ጋሼ የተላጠ ቁጥር ይዞ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን እንዳጠበው ነበር፤ ከዚያ በነጻ ይለጥፉለታል። ይህም እንደ ነበረ ይቀጥላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ የሚዘጋው ለምን እንደሆነ የጠየቃችሁን ነበራችሁ። ምክንያቱ የጋሼ ትንሹ ልጅ የኳስ ልምምድ በዚያ ሰዓት መሆኑ ነበር፤ እጥበት ላይ ካልሆኑ በቀር ከሜዳው ዳር ቀርተው አያውቁም። ልጁ አሁንም ልምምድ ላይ ነው፤ እኅቱ ትሸኘዋለች፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዘጋለን። በሌሎቹ የሥራ ቀናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነን።

ለክረምቱ ውድድር ማሊያ የምታሠሩ ቡድኖች እስከ ሰኔ 15 ድረስ ትእዛዛችሁን ብታስገቡ ከሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት በፊት እናስረክባችኋለን። የተጫዋቾቹን ዝርዝር፣ የምትፈልጉትን ቀለምና የቁጥር ድልድል ይዛችሁ ኑ። 10 ቁጥር ላይ ካልተስማማችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ ቆቡ አለ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የስፌትና ኅትመት ቤቱ ሠራተኞችና ቤተሰብ