ለእንግሊዝኛ ትምህርት የሚሆን የአየር ሁኔታ ጣቢያ፦ ለጅማ ወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የጅማ ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከዚህች ከተማ ወጥታችሁ በሌላ ስፍራ የምትኖሩ ልጆቿ፦

ይህን ጥሪ የምናቀርበው በከተማችን ያለ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህራንና የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባላት ነን። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን በየቀኑ የሚያዩትን ሰማይ በእንግሊዝኛ መናገር እንዲችሉ፣ በግቢያችን አነስተኛ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ልናቆምና ከክፍል ክፍል የሚዘዋወር የመማሪያ ሣጥን ልናዘጋጅ ተነሥተናል። ዕቅዱ ተጠናቅቋል፤ መምህራኑም ዝግጁ ናቸው። የጎደለን ዕቃ፣ የባለሙያ እጅና መጠነኛ ገንዘብ ነው።

ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን ልንገራችሁ። ልጆቻችን እንግሊዝኛን በታችኛው ክፍል እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ይማሩታል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሱ አፍልቆ መናገር ያልቻለ ልጅ የሚገጥመውን መገመት አያዳግትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሁላችንንም አስደንግጦን ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በቋንቋ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ትምህርቱን ቢያውቀውም አይጠቅመውም፤ የንባቡ መሠረት ደግሞ የሚጣለው እኛ ዘንድ ነው።

ታዲያ ለምን የአየር ሁኔታ? ጅማ ውስጥ ስለ ሰማይ የማያውቅ ልጅ ስለሌለ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ልጆቻችን ቡና በተሰጣበት ግቢ ያደጉ ናቸው፤ ደመናው ሲጠቁር ማን ምን እንደሚሸፍን ያውቃሉ። ከበጋው ድርቀት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ቡናው በነጭ አበባ እንደሚሸፈንም ያውቃሉ። ይህን ሁሉ እያወቁ የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዝም ይላሉ፤ የሚጠብቃቸው ከሰሌዳ የሚገለበጥ የቃላት ዝርዝር ነውና። በመጽሐፍና በግድግዳ ሥዕል ላይ የሚያዩትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ወቅት ነው፤ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ፣ በነጭ በረዶ የተሸፈነ ጣሪያ። የጅማ ልጅ የሚያውቀው በረዶ ግን ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጠር ነው። ሥዕሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ልጁ አይቶት የማያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ተናገር ማለት ግን ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ማሸከም ነው።

ቆርቆሮን ካነሣን አይቀር፣ የክፍሎቻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ከባድ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም፤ ትምህርቱም ይቋረጣል። እኛ ያቀድነው ያንኑ ሰዓት ለትምህርቱ እንዲውል ማድረግ ነው። መምህሩ ሁለት ካርድ ያነሣል። በአንደኛው ላይ የሐምሌ ወር፣ በሌላው ላይ የክፍሉ መስኮት ተሥሏል። ልጆቹ የመጀመሪያውን ሲያዩ «ኢት ሬይንስ ኢን ጁላይ» ብለው በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ሁለተኛውን ሲያዩ ወደ ውጭ ተመልክተው «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ናው» ይላሉ። ዘወትር የሚሆነውና አሁን እየሆነ ያለው የሚለዩበት ሰዋስው፣ ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ተብራርቶ ያልገባቸው፣ በዚህ መንገድ በጆሮአቸውና በዓይናቸው ይገባል። ብዙ ልጆች «ኢት ኢዝ ሬይን» ይላሉ፤ ወይም መነሻዋን «ኢት» ጨርሰው ይተዋታል። ሕጉን መቶ ጊዜ ከመናገር፣ ዝናቡ እየዘነበ ሳለ ዓረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ ማስባል የበለጠ እንደሚያርም እናምናለን።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ልኬቱ አለ። የዝናብ መለኪያው ከተራ የሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል። አናቱ ተቆርጦ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይቀመጥበታል፤ ነፋስ እንዳይጥለው ከታች ጠጠር ይገባበታል፤ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ይሞላና ያ መስመር ዜሮ ይባላል፤ ከዚያ በላይ ማስመሪያ ይለጠፋል። ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቆማል። ተረኛው ቡድን በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቦ ይመዘግባል፤ ከዚያም ውኃውን እስከ ዜሮው መስመር ይመልሰዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሒሳብ መምህሩም ከእኛ ጋር ነው። የትናንቱ መዝገብ ሲነበብ ኃላፊ ጊዜ ይመጣል፣ «ኢት ሬይንድ የስተርደይ»። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ ሰምተው ስለ ነገ ሲናገሩ ደግሞ «ዊል» የምትለዋን ይጠቀማሉ። ትንበያውና የኛ ጠርሙስ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚነሣውን ክርክር በጉጉት እንጠብቀዋለን፤ ልጅ የሚከራከርበት ነገር ሲያገኝ ቋንቋው ይፈታል።

ሌሎቹን ተግባራት በአጭሩ ልጥቀስ። አንድ ልጅ ጃንጥላ እንደሚዘረጋ ወይም በብርድ እንደሚንቀጠቀጥ ያስመስላል፤ ጓደኞቹ «ኢዝ ኢት ኮልድ?» እያሉ ይጠይቁታል። ሁለት ልጆች የአንድ ሳምንት ሰንጠረዥ በግማሽ በግማሽ ይይዙና አንዱ የጎደለውን ከሌላው ጠይቆ ይሞላል። በክፍሉ ገመድ ላይ ጋቢ፣ ባርኔጣ፣ ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ይሰቀላል፤ የዕለቱን ሰማይ አይቶ የሚገባውን ልብስ ያነሣ ልጅ ለምን እንዳነሣው በ«ቢኮዝ» ያስረዳል። ማወዳደሪያ ቅጽሎችን የምናስተምረው በኢትዮጵያ ካርታ ነው፤ ጅማ ከሰመራ ትቀዘቅዛለች፣ ከጎባ ትሞቃለች፤ ዳሎል ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። ካርዶቹ ሥዕል ብቻ እንዲሆኑ የወሰንነው ሆን ብለን ነው። በክፍሎቻችን አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ካፍኛ፣ የምኛ የሚናገሩ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሥዕል ለሁሉም እኩል ነው።

እኔን በግሌ ከሁሉም በላይ ደስ የሚያሰኘኝ የሚኒ ሚዲያው ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ላይ በየዕለቱ አንድ ልጅ የአየር ሁኔታ ዘገባ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት የራሱን ልኬት ያነበበ ልጅ ከዚያ በኋላ እጁን ለማውጣት አይፈራም። አሁን ያለን ድምፅ ማጉያ ግን ከጩኸት በስተቀር የሚያሰማው የለም።

የምንፈልገው ይህ ነው። አንድ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ከነማይክሮፎኑ፤ አራት ቴርሞሜትሮች፣ ቢሰበሩ ልጆቹን እንዳይጎዱ ሜርኩሪ የሌለባቸው፤ ወፍራም ወረቀት፣ ማርከርና የካርዶቹ መሸፈኛ ፕላስቲክ። የመጨረሻውን አደራ አትናቁት፤ በዚህ ከተማ እርጥበት ያልተሸፈነ ወረቀት ክረምቱን ሳይጨርስ ይሻግታል። የታጠበ የማዳበሪያ ጆንያ ካላችሁ ለግድግዳ ሰንጠረዥ እንቀባዋለን። ልጆች የተዉት ጃንጥላ፣ ቦት ጫማ፣ ኮፍያና ሹራብ ለገመዱ ይሆናል። አዲስ የውጭ ፖስተር ግን ባትገዙልን እንመርጣለን፤ ያንኑ ገንዘብ ለወረቀትና ለቀለም ስጡን፣ ሥዕሉን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሉታል።

ለአናጢዎቻችን የተለየ ጥያቄ አለን። የጅማ በርጩማ የት እንደሚታወቅ ለእናንተ አይነገርም። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጥበት ሣጥን በነጭ ቀለም የተቀባ፣ ፀሐይ የማያስገባ ግን አየር የሚያሳልፍ ዘርዛራ ጎን ያለው፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ የሚቆም መሆን አለበት። የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚም ያስፈልገናል፤ ቀስቱ ነፋሱ የሚመጣበትን ወገን እንዲያሳይ ጅራቱ ከፊተኛው ጫፉ ሰፋ ማለት ይኖርበታል። እንጨቱን እኛ እንገዛለን፤ የእናንተን እጅ ስጡን።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ ከልጆቹ ጋር ብትነጋገሩ፣ በሜትዎሮሎጂ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን መጥታችሁ እውነተኛው ልኬት እንዴት እንደሚካሄድ ብታሳዩአቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በኅብረቱ ስም ወደተከፈተው የባንክ ሒሳብ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም፤ ከሦስቱ ሁለቱ ወላጆች ናቸው። የተገዛው ዕቃ ሁሉ ከነደረሰኙ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፋል። ከታቀደው የተረፈ ቢኖር ለቀጣዩ ዓመት ወረቀትና ቀለም ይቆያል እንጂ ወደ ሌላ ሥራ አይዛወርም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የጅማ ዝናብ ገና አያቆምም፤ ስለዚህ ጣቢያው ከመክፈቻው ቀን በፊት መቆም አለበት። ዕቃ የምታመጡ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ድረስ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት በግቢው ቤተ መጻሕፍት የኅብረቱን አባላት ታገኛላችሁ። ራቅ ብላችሁ ያላችሁ የሒሳቡን ቁጥር ይህን ጥሪ ካደረሳችሁ የኅብረቱ አባል ጠይቁ፤ ከላካችሁም በኋላ ደረሰኙን መያዛችሁን አትርሱ።