ለልጄ፦ ጅማ ወይስ ጥቁር አንበሳ?

ሚጣዬ፣

ይሄን የምጽፍልሽ ፊት ለፊት ስናወራ እናትሽ ጣልቃ ስለምትገባ፣ እኔም ቶሎ ስለምናደድ ነው። ጠዋት ደብተርሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ። እኔ ያኔ ብየዳ ቤት ነኝ።

«ጅማ ወይስ አዲስ አበባ» ማለት ከጀመርሽ ሦስት ሳምንት ሆነሽ። ነርሲንግ መሆኑ አልቋል፣ እሱን ወስነሻል። (ጎረቤቶቻችን ከአሁኑ አሜሪካ ልከውሻል። ተያቸው።) ወረቀት ላይ ያለውን ልዩነት ፈልጌ ፈልጌ ብዙም አላገኘሁም። ሁለቱም ጋ አራት ዓመት ነው። ሁለቱም ጋ ፍሬሽማን አለ። መጨረሻ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪ የለም። ቀጥሎ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና። ፈተናው እንደሆነ የማንን ተማሪ ከማን አይለይም።

አምና የግራይንደሩ ዲስክ ተሰብሮ ግራ ክንዴን የቀደደኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺ ካርድ ክፍል ተሰልፈሽ ነበር፣ ስለዚህ ይሄን አላየሽም። ሆስፒታሉ ከሁለቱ አንዱ አልነበረም። አልጋው ላይ ሆኜ ስቆጥር ዘጠኝ ተማሪዎች ከበውኛል። አንዷ ግሉኮስ ልትሰካልኝ መጣች። የላስቲክ ጓንት ቀኝ ክንዴ ላይ ቋጠረች፣ የደም ሥሬን በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ወጋችኝ። ሳተችው። ደገመች። ሳተችው። ሦስተኛው ላይ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁና «አይዞሽ ልጄ፣ የበያጅ ቆዳ እኮ ነው» አልኳት። ጠጋ ብላ «አባባ ይቅርታ፣ ሰው ላይ ስሞክር የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ። ስንተኛ ዓመት ነሽ ብላት፣ ተመራቂ ነኝ አለች።

በሷ አልፈርድም። ዘጠኝ ሰው አንድ ክንድ ከቦ ስንቱ ይደርሰዋል? እኔ ጋ የሚለማመዱትን ልጆች ታውቂያቸዋለሽ። ስድስት ወር ቆመው ቢያዩኝ ኤሌክትሮድ መያዝ አይችሉም። የመጀመሪያ ብየዳቸው የዶሮ ኩስ ነው የሚመስለው። ሃምሳ በር ከበየዱ በኋላ ነው መስመሩ የሚስተካከለው፣ ያውም አበላሽተው፣ ፈጭተው፣ ደግመው።

እና የዩኒቨርሲቲውን ስም ተይና ሁለቱም ጋ ያሉ ሲኒየሮችን ይሄን ጠይቂልኝ። አንድ አልጋ ላይ ስንት ሆናችሁ ትቆማላችሁ? በሳምንት ስንት ቀን ዋርድ ትገባላችሁ? ስትሳሳቱ አጠገባችሁ ማን አለ?

ጥቁር አንበሳን አላጣጥልም። ከየክፍለ ሀገሩ ሪፈር የተባለ የሚመጣው እዚያ ነው። የጨረር ሕክምና እንኳ ለብዙ ዓመታት ከዚያ ሌላ አልነበረም። ሌላ ቦታ የማታዪውን በሽታ ታያለሽ። የሆስፒታሉ ባለቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን መግቢያ ፈተና ሲሰጥም፣ ለሱ ስንት ሌሊት እንዳመሸሽ አይቻለሁ። ግን እዚያ አንቺ አልጋው ጋ እስክትደርሺ ስፔሻሊስቱ አለ፣ ሬዚደንቱ አለ፣ ኢንተርኑ አለ። ደግሞ መንገዱን አስቢ። ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሜክሲኮ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ወይ በእግር። የማታ ተረኛ ስትሆኚስ?

ጅማ የተማረ የደንበኛዬ ልጅ በር ሊያሠራ መጥቶ ያጫወተኝን ልንገርሽ። ቲቲፒ የሚሉት ነገር አላቸው። የነርሲንጉ፣ የሕክምናው፣ የፋርማሲው፣ የላብራቶሪው ተማሪ ባንድ ቡድን ሆኖ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለሳምንታት እዚያው ይኖራል፣ ይሠራል። ቤት ለቤትም ይዞራሉ። ጅማ ከድሮም በዚህ ነው ስሙ የሚነሳው። ልጁ ሲያወራ እጁን ነበር የማየው። ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እያወራ የኔን ጠባሳ ገልጦ ያይ ነበር።

እኔ ወደ ጅማ አደላለሁ። እስከ ባለፈው ሳምንት «አዲስ አበባ ይሻልሻል» ስልሽ የነበረው ለትምህርቱ ብዬ አልነበረም። እራት ላይ ወንበርሽ ባዶ እንዳይሆን ነው። እናትሽም ያው ናት፣ ግን አታምንም። የጅማ አውቶቡሶች በየጠዋቱ በብየዳ ቤቴ ደጃፍ ነው የሚያልፉት። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄን ያህል ዓመት ቆሜ ሳያቸው አንዱም ላይ ልጄን አስቤ አላውቅም ነበር።

የሚያስቀርሽ ምን እንደሆነም አውቃለሁ። የእናትሽ የደም ግፊት ነው። እሁድ እሁድ አንቺ እየለካሽ ስለምትጽፊው እኛ የማንችል መስሎሻል። ትናንት ማታ ተኝተሽ ሳለ መሣሪያውን አወጣሁ። መጀመሪያ ጨርቁን ገልብጬ አስሬው ስሕተት አለኝ። ሁለተኛው ላይ እናትሽ ሳቀችና አናወጠችው። ሦስተኛው ሠራ። 138 በ86። ደብተርሽ ላይ፣ ካንቺ ጽሑፍ ሥር ጽፌዋለሁ። እጅ ጽሑፌ እንዳይስቅሽ።

አባትሽ