ፍሬን ተሠራ ሲባል ምን እንደተሠራ ይጻፍልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል ሕዝብ የሚያመላልስ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ አለኝ፤ የምነዳውም ራሴ ነኝ። ሥራውን የሚያውቅና የሠራውንም ሳይሸሽግ የሚናገር መካኒክ ማግኘት ምን ያህል እንደከበደን ለአንባቢዎችዎና ለሚመለከታቸው አካላት ለማስረዳት ስል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

መንገዳችንን የሚያውቅ ሰው ጭንቀቴ አይጠፋውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማበር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተፈለፈለው ዋሻ ወጥተን፣ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የምንወርደው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። ጉም በወረደ ጠዋት ከፊት የሚሄደውን መኪና መለየት ያስቸግራል።

ባለፈው ዓመት የፍሬኑ ፔዳል ስለላላብኝ መኪናዬን ወደ አንድ ጋራዥ አስገባሁ። የፍሬኑ ሸራ (ከጎማው ጋር በሚዞረው ብረት ላይ ተጭኖ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል) እንደተቀየረና የፍሬን ዘይቱም በአዲስ እንደተተካ ተነግሮኝ፣ የተጠየቅሁትን ሁሉ ከፍዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ከዋሻው በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ እየያዝኩ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት መኪናውን ከተራራው ጥግ አስጠግቼ አቆምኩት፤ ከተሳፋሪዎቼ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፈው ነበር። ፍሬኑ ከበረደ በኋላ ቀስ ብዬ ሸዋ ሮቢት ደረስኩ። እዚያ ጎማውን የፈቱት አንድ አዛውንት መካኒክ ያሳዩኝ ሸራ ያው የድሮው፣ በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ ነበር፤ ዘይቱም ጥቁር ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ውኃ ከገባበት በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊት ስለማያስተላልፍ ሹፌሩ ቢረግጥ ባዶ ይረግጣል። ይህን ያስረዱኝ እኒያው አዛውንት ናቸው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው። በሜዳ ከተማ ብዙም የማይታወቅ ጉድለት በጣርማበር ሰው ይጨርሳል።

መካኒኮችን ሁሉ እየወቀስኩ አይደለም። እንደ እኒያ አዛውንት ያሉት አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ስለሆኑ ወረፋቸው ቀናት ይወስዳል፣ እኛም ቀን ሙሉ ከቆምን የዕለት ገቢያችን ስለሚቀርብን ቶሎ ወደሚለቀን እንሄዳለን። በዚህ ጥፋቱ የእኛም ነው። ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡት ወጣቶች ልምድ ካለው ሰው ሥር በቂ ጊዜ ሳይሠሩ ፍሬንና መሪን ያህል ነገር ብቻቸውን እንዲፈቱ ይታዘዛሉ። በመለዋወጫ መደብሮችም ኦርጅናሉንና አስመስሎ የተሠራውን በካርቶኑ መለየት ለእኔ ቢጤው አስቸጋሪ ነው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ቢረዳም፣ በዓመት አንድ ቀን ነው።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። ማንኛውም ጋራዥ ያወለቀውን አሮጌ ዕቃ ለባለንብረቱ እንዲያስረክብ፣ በደረሰኙም ላይ የተቀየረውን ዕቃ ዓይነት፣ ቀኑንና የሠራውን ሰው ስም እንዲጽፍ፣ ፍሬንና መሪ የሚነካ ሠራተኛም የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀቱን በግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ የዞናችን የትራንስፖርት ኃላፊዎች መመሪያ ያውጡልን። የሚኒባስና የአይሱዙ ባለንብረቶችም ደረሰኝ በሌለበት ክፍያ እንዳንፈጽም እንስማማ። ይህ የጣርማበር ጉም ከሚበረታበት ከመጪው ክረምት በፊት ቢጀመር እጅግ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሚኒባስ ባለንብረትና ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን