ከኮንጎ የተመለሱትን በሕይወት እያሉ እንስማቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 (በደብዳቤዬ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወሰነው መሠረት በደቡብ ሊባኖስ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል በ2026 መጨረሻ ተልዕኮውን ያበቃል። በዚህ አጋጣሚ፣ ከ1978 አንሥቶ ልጆቿን ወደዚያ ስትልክና ከ40 በላይ የሚሆኑትን ስትቀብር ስለኖረችው ስለ አየርላንድ፣ በእሷም በኩል ስለ ራሳችን ዘማቾች ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

የአየርላንድ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን ገደማ ሲሆን መደበኛ ሠራዊቷ አሥር ሺህ አይሞላም። ይህች አገር ታላቅ ጦር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ የላከችው በ1960 በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ወደ ኮንጎ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በኒየምባ አካባቢ 11 አባላት ያሉት ቃኚ ቡድኗ በደፈጣ ተመትቶ ዘጠኙ ሲሞቱ፣ የዱብሊን ሕዝብ ጎዳናውን ሞልቶ ሬሳቸውን በእንባ ተቀበለ።

ዓመት ሳይሞላ የሆነው ግን ሌላ ነው። በመስከረም 1961 በሻለቃ ፓት ኩዊንላን የሚመራ፣ ወደ 155 ወታደሮች ያሉት አንድ ሻምበል በጃዶትቪል ከተማ ከኮንጎ ተገንጥያለሁ ባለችው በካታንጋ ክፍለ ሀገር ታጣቂዎችና በአውሮፓውያን ቅጥረኞች ተከበበ። ኩዊንላን አስቀድመው ምሽግ አስቆፍረው፣ በተገኘው ዕቃ ሁሉ ውኃ አስቀድተው ስለነበር ሻምበሉ በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ኃይል ለአምስት ቀናት ተቋቋመ። አንዲት ሄሊኮፕተር በተኩስ መካከል ውኃ ብታደርስላቸውም ጀሪካኖቹ ቀደም ሲል ነዳጅ የተያዘባቸው በመሆናቸው ውኃው የሚጠጣ አልሆነም። ሊረዳቸው የተነሣው ጦር ሉፊራ ድልድይ ላይ ታገደ፤ ከሰማይ ደግሞ አንዲት የካታንጋ ጄት ያለከልካይ ትደበድባቸው ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-86 ተዋጊዎች ኮንጎ የደረሱት ይህ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀደም ብለው ደርሰው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም እቆጫለሁ። አየርላንዳውያኑ ጥይትና ውኃ ሲያልቅባቸው እጅ ሰጡ፤ ከመካከላቸው ግን አንድም ሰው አልሞተም።

አገራቸው ሲገቡ የጠበቃቸው ዝምታ ነበር። ለሞቱት ያለቀሰች አገር በሕይወት የተመለሱትን «እጅ የሰጡ» ብላ ሸሸገቻቸው፤ ይህም በእኔ አስተያየት ከተኩሱ የከፋ ጉዳት ነው። መንግሥት ለሻምበሉ በሙሉ የክብር ምስክርነት የሰጠው በ2016፣ ሜዳልያ ያደረገላቸውም በ2017 ሲሆን ሻለቃ ኩዊንላን በ1997 ስላረፉ ይህን አላዩም።

ይህን ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ተልዕኮ የኛም ጠቅል ብርጌድ ዘምቷል። የተባበሩት መንግሥታትን የኮንጎ ጦር በ1961 የመሩት አየርላንዳዊው ጄኔራል ሾን ማክዮን ሲሆኑ፣ በ1962 ሥልጣኑን ከእሳቸው የተረከቡት የእኛው ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ስለ ኮሪያ ዘማቾች ሐውልትም አለን፣ ወሬም ሞልቶናል፤ ስለ ኮንጎ ዘማቾች ግን በትምህርት ቤትም ሆነ በመገናኛ ብዙኃን የምንሰማው እጅግ ጥቂት ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በሕይወት ያሉትን የኮንጎ ዘማቾችና ቤተሰቦቻቸውን አፈላልጎ ቃላቸውን በተከታታይ እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ። የት እንደሰፈሩ፣ ምን እንደታዘዙ፣ ማን ከጎናቸው እንደወደቀ፣ ሲመለሱም ማን እንደተቀበላቸው ይጠየቁ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎችም ሳይበላሹ ቅጂያቸው ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንዲደርስ ብታስተባብሩ፣ እኔም በአቅሜ ለመርዳት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ