ከኪሎ ሌላም ወሬ አለ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ስለ ሰውነት ሲነሳ ግን ወሬው ሁሌ ኪሎ መቀነስ ነው። እኔ ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በቀዶ ሕክምና ነው። ጠባሳውን ለዓመታት በመስታወት እንኳ ማየት አልፈልግም ነበር። አሁን ማታ ማታ ስለ ሰውነቴ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የተለየ ነገር የለውም፤ ወገቤን የት ጋ እንዳመመኝ፣ ጠባሳው ዙሪያ ቆዳዬ እንዴት እንደደነዘዘ፣ ልብስ ስቀይር ምን እንዳሳፈረኝ። አንድ ሕግ አለኝ፦ ለእህቴ የማልናገረውን ለራሴ አልጽፍም። «ቦርጫም» በዚሁ ሕግ ተሰርዟል!

ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔነቤከር ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጽፈዋል። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ሐኪም የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ነበር። እንደጻፉ ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። እኔም አንዳንዴ እንባዬ ሲመጣ ደብተሩን ዘግቼ እተኛለሁ። መታገል ምን ያደርጋል?

እባካችሁ፣ ከኪሎው ጎን ለዚህም ትንሽ ቦታ ስጡት።

አንባቢያችሁ