ለደንበኞቻችን፦ ስለ ቤት ፍተሻውና ስለ 2,500 ብሩ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል? እኛ ደብረ ብርሃን ዝናቡም ጉሙም ገና አለቀቀንም።

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ስልኬ አላረፈም። አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ ተቆጥታችኋል። ከዚህ ቀደም ሁለት ቤት ያሻሻጥኩላቸው፣ በጣም የማከብራቸው አንድ አባት «አንተም እንደ ሌሎቹ ደላሎች ሆንክ» ብለውኝ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ወጡ። ያቺ ቃል ከውስጤ አልወጣ አለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ሰነዱን ያላየነውን፣ ራሳችን ሄደን ያልፈተሽነውን ቤት ለገዢ አናሳይም። ለፍተሻው 2,500 ብር በቅድሚያ እንቀበላለን። ቤቱ በእኛ በኩል ከተሸጠ ያ ብር ከኮሚሽኑ ላይ ይቀነሳል። የሚሸጡ ቤቶችን ከምንለጥፍበት ሰሌዳችን ላይ ያወረድናቸው ቤቶችም ወረቀታቸው ያልተሟላ ነው። ይህን ቀድመን ሳንነግራችሁ መጀመራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔውን ግን አላጥፍም። ምክንያቴን ስሙኝ።

ይህን ሥራ ስጀምር ቢሮ አልነበረኝም። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ጥግ ይዤ፣ በአንዲት ደብተር ላይ «ሁለት ክፍል ከነሰርቪሱ፣ ጠባሴ» እያልኩ እጽፍ ነበር። 14 ዓመት ሆነኝ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁን ያወቅኳችሁ በዚያች ደብተር ነው። ቤት ማየት የተማርኩት ግን ከአባቴ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር። የዚህን አገር ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ ነው ያሳደገን። ሰው ቤት ሊገዛ ሲል ይጠሩታል። መጥቶ በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ልስኑ ከድንጋዩ ከለቀቀ ድምፁ ባዶ ጣሳ ይመስላል። ለዚያ ሥራው ሰው ቡና ጋብዞት ይሸኘዋል፤ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ አልጠየቅኩም።

ታዲያ ዘንድሮ ምን መጣ?

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በእኔ በኩል ቤት ሊገዙ ቀብድ ከፈሉ። ሻጩ ያሳየኝ የካርታውን ፎቶ ኮፒ ነበር። ሰውየውን ስለማውቀው አመንኩት። በኋላ ሲጣራ ቤቱ በባልና ሚስት ክርክር በፍርድ ቤት ታግዷል። በሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሰው እጥፉን ይመልሳል። ሻጩ ግን ብሩን አጥፍቶታል። መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁንም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ነኝ ዓይናቸውን ማየት የሚያቅተኝ።

ሁለተኛው ባለፈው መስከረም ነው። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ገዢዎቹ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ በጣም ወደዱት። እኔ ከአልጋው ራስጌ በኩል ያለውን ግድግዳ በመዳፌ ስነካው ቀዘቀዘኝ። ውርጭ አገር ነው፣ ይቀዘቅዛል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ኅዳር ላይ ልጅቷ ደውላ ጠራችኝ። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ወድቋል፣ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ አለ። ሻጩ ሊያታልል አልነበረም። አሸንዳው ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ ውሃው በግድግዳው ላይ ሲወርድ ከርሟል። እሱ ጳጉሜን ላይ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀባው፣ እርጥበቱም ውስጥ ታፈነ። ይኸው ነው።

የቤት ገበያችን መስከረም ሲጠባ እንደሚሟሟቅ ታውቃላችሁ። ጭቃው ይደርቃል፣ ለመስቀል ዘመድ ይመጣል፣ ሥራ የተዛወረውም ትምህርት ሳይገፋ ልጆቹን ሊያስገባ ይሯሯጣል። አደይ አበባ መሃል ቆሞ የማያምር ቤት የለም። ቤት ጉዱን የሚናገረው አሁን፣ በነሐሴ ዝናብ ነው። ፍተሻውን በዚህ ጭቃ ያደረግነው ለዚህ ነው እንጂ እናንተን ለማስቸገር አይደለም።

ስንመጣ የምናየውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወረቀቱን። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትሸጡት ቤቱንና የይዞታ መብታችሁን ነው። ስለዚህ ዋናውን ካርታ እናያለን፣ ኮፒ አይበቃንም። ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያውን፣ የዓመቱን ግብር፣ ከዕዳና ዕገዳ ነፃ የሚለውን ማስረጃ እናያለን። ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለታችሁም መስማማታችሁን፣ ካልሆናችሁ ያላገባ ማስረጃ እንጠይቃለን። የውርስ ቤት ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በውክልና የምትሸጡ ደግሞ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚል መሆን አለበት። ወካዩም በሕይወት መኖር አለበት፤ ሰውየው ከሞተ ውክልናው አብሮት ቀርቷል። ይህን ስል የተቀየሙኝ አሉ። የሰውን ሐዘን ለመነካካት ፈልጌ አይደለም፣ በኋላ ፍርድ ቤት ከመገናኘት ብዬ ነው።

ከዚያ ግቢውን በሜትር እንለካለን። ለምሳሌ ካርታው 200 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ግን 218 ካሬ ይዟል። 18ቱን ካሬ ለገዢ በገንዘብ ልሸጥለት አልችልም። ከዚያ ጣሪያ፣ ኮርኒስ፣ አሸንዳ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ። አንድ ግንበኛ አብሮኝ ይወጣል። ችግር ስናገኝ ለእናንተ ነው የምንነግረው፣ ለሰፈር አናወራም። ብዙው ችግር ደግሞ ቀላል ነው፤ ሁለት ቆርቆሮና ጥቂት ሚስማር የሚፈታው ነገር ከዋጋችሁ ላይ ስንት እንደሚያስቀንስ እኔ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ብሩ። ለግንበኛው የቀን አበል እከፍላለሁ። ባጃጅ፣ ወረቀት፣ ስልክ አለ። ከ2016 ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ምን ያልጨመረ ነገር አለ? የቢሮዬ ኪራይም ጨምሯል። 2,500 ብር ትርፍ የለውም፣ ወጪውን እንኳ በደንብ አይሸፍንም። ኮሚሽን ላይ ግን አንድ ሳንቲም አልጨመርኩም። ይህንን ያስተዋለልኝ ሰው ባለማግኘቴ ትንሽ ከፍቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር።

«ቤቱ ካልተሸጠስ?» ላላችሁት፣ የፍተሻውን ጽሑፍ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። በሌላ ደላላ በኩል ብትሸጡም ይጠቅማችኋል። አልከለክልም። በጡረታ የምትኖሩና አሁን እጃችሁ ያጠረ ደግሞ ብሩን ቤቱ ሲሸጥ ትከፍላላችሁ፤ ለጸሐፊዋ ንገሯት፣ ሌላ ማስረጃ አትጠይቃችሁም።

ለመግዛት የምታስቡም ብትሆኑ መስከረምን አትጠብቁ። ጃንጥላ ይዛችሁ ኑ፣ ዝናብ ሲጥል ቤቱን አብረን እንግባበት። ዋጋ ስትነጋገሩም የቴምብር ቀረጡን፣ 2 በመቶውን፣ ማን እንደሚከፍል ቀብድ ሳትሰጡ ተስማሙ። ብዙ ጸብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ሻያቸውን ትተውብኝ ለወጡት አባት፦ የእርስዎ ቤት የወረደው ከሰሌዳው እንጂ ከሐሳቤ አይደለም። የጎደለው የዘንድሮው የግብር ደረሰኝ ብቻ ነው። እሱን ይዘው ይምጡና ቀን እንቁረጥ።

ከጳጉሜን በፊት የፍተሻ ቀን ለመያዝ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ አለን። ዋናውን ካርታ አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮው ባለቤት
ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ